የካውንቲው ቦርድ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ድምፃችንን ይስማ!

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም





በየዓመቱ የአረፋ ዕለት በግ የምናርድበትን እርሻ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። ከሃይዌዩ ወርደን፣ ሁለት መኪና በጭንቅ የምታስተላልፈውን መንገድ ይዘን፣ ጣሪያው የዛገውን ጎተራ አልፈን የምንደርስበት ቦታ ነው። ከዒድ ሶላት በኋላ አባቶች ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ እናቶች ፔርሙዝና አምባሻ ይዘው፣ ልጆች አዲሱ ልብሳቸው ጭቃ እንዳይነካው እየዘለሉ የሚወርዱበት ቦታ ነው። እዚህ አገር ተወልደው ሥጋን በላስቲክ ተጠቅልሎ ብቻ የሚያውቁ ልጆቻችን፣ በግ በአላህ ስም ታርዶ ለቤት፣ ለጎረቤትና ለሚስኪን ሲከፋፈል ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እዚያ ነው። ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የመጣን የገበሬ ልጆች የከብት በረት ሽታ ሸትቶን ዓይናችን እንባ ያቀረረውም እዚያው ነው። ይህን ማመን የሚያሳፍረን አይደለም።

ያ መሬት አሁን በካውንቲው ጽሕፈት ቤት የፋይል ቁጥር ወጥቶለታል። የቀረበው ማመልከቻ መሬቱ ከእርሻ ዞን ወጥቶ ወደ ንግድ ዞን እንዲዛወር ይጠይቃል። ነዳጅ ማደያ፣ ከመኪና ሳይወረድ የሚስተናገዱበት ምግብ ቤት፣ አንድ ረድፍ ሱቅ፣ የቀረው ሁሉ አስፋልት። የፕላኒንግ ኮሚሽኑ አይቶ «ይጽደቅ» ብሎ አሳልፎታል። የቀረው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ብቻ ነው። በመንገዱ ዳር አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ተተክላለች። ስንቶቻችን በመኪና አልፈናት ሄድን? ስንቶቻችንስ ወርደን አነበብናት? ከመካከላችን ያነበባት አንድ ወንድም ብቻ ነው። እሱም ያነበባት ጎማው ስለተነፈሰ ቆሞ ነው። አላህ ጎማውን ያስተነፈሰው በምክንያት ነው እንላለን።

ጉዳዩን ለጀመዓው ስናነሳ ያገኘነው የመጀመሪያ መልስ «ይህ የኛ ጉዳይ አይደለም፣ የፈረንጆች የመሬት ጉዳይ ነው» የሚል ነበር። ይህን መልስ በቀላሉ አናልፈውም። ግብር የምንከፍለው ለዚሁ ካውንቲ ነው። ልጆቻችን የሚማሩት በዚሁ ካውንቲ ትምህርት ቤት ነው። በቦርዱ ወንበር የተቀመጡት ሰዎች በምርጫ ሰሞን መስጂዳችን በር ላይ ቆመው «አሰላሙ ዓለይኩም» እያሉ ወረቀት ያደሉን ሰዎች ናቸው። በምርጫ ቀን የኛ የሆነ ካውንቲ በውሳኔ ቀን የሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

ደግሞም እኛ መሬትና ፕላን ምን ማለት እንደሆነ ከማንም የተሻለ እናውቃለን። በአገራችን «ማስተር ፕላን» የሚለውን ቃል የአዲስ አበባ ዙሪያ ገበሬ የሰማው ብዙ ጊዜ ከዶዘሩ ድምፅ ጋር ነው። በ2015 ዓ.ል. በሸገር ከተማ መስጂዶች ሲፈርሱ የተሰጠው ምክንያትም ፕላን ነበር። ያኔ የጮኽነው «ሳንጠየቅ ተወሰነ» ብለን ነው። እዚህ ግን ሕጉ ራሱ «ኑና ተናገሩ» ይላል። ቀን ቆርጦ፣ አዳራሽ ከፍቶ፣ ማይክሮፎን አስቀምጦ ይጠብቃል። ሳንጠየቅ ሲወሰን የጮኽን ሰዎች ስንጠየቅ ብንቀር ምን ይባላል?

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ብዙዎቻችን ዞኒንግ ሲባል የቢሮ ወረቀት ይመስለናል። ሪዞኒንግ የቤት ማደሻ ፈቃድ እንደማውጣት ያለ ነገር አይደለም። ሕግ ማውጣት ነው። በቨርጂኒያ የካውንቲው ቦርድ የአንድን መሬት ዞን ሲለውጥ የሚሠራው የሕግ አውጪነት ሥራ ነው። ስለዚህ ውሳኔው አንዴ ካለፈ ፍርድ ቤት በቀላሉ አይነካውም። ቦርዱ ለክርክር የሚበቃ ምክንያት እንደነበረው ካሳየ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ እጁን ይሰበስባል። ለመክሰስ ያለው ጊዜም ከውሳኔው ቀን ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ነው። «ይወስኑና ያኔ እናያለን» የሚል ሰው ካለ፣ ያኔ የሚታየው አስፋልቱ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ቦርዱ ዞን የሚለውጠው ለመሬቱ ነው እንጂ ለሥዕሉ አይደለም። በማመልከቻው ላይ ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለበት ውብ ሥዕል ተያይዟል። ሥዕሉ ግን በራሱ ማንንም አያስገድድም። አልሚውን የሚያስገድደው በጽሑፍ የፈረመው ግዴታ ነው። ይህን በዚህ ስቴት «ፕሮፈር» ይሉታል። የነዳጅ ማደያ አይሠራም፣ ከጎረቤት ጉድጓድ ይህን ያህል ርቀት ይጠበቃል፣ መብራቱ ከዚህ ሰዓት በኋላ ይጠፋል የሚለው ሁሉ በፕሮፈር ካልተጻፈ የለም ማለት ነው። በስብሰባው ላይ በፈገግታ የሚነገር ቃል ኪዳን ሕግ አይደለም።

ይህ ፍርሃት ከአየር የመጣ አይደለም። በዚሁ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ውስጥ፣ ከማናሳስ የጦርነት ሜዳ አጠገብ ያለ ከ500 ኤከር በላይ መሬት እ.ኤ.አ. በ1986 ዞኑ ተለወጠ። የተወራው ስለ ቢሮና ስለ መኖሪያ ቤት ነበር። በ1988 መጀመሪያ ላይ ግን አልሚው እዚያው ቦታ ላይ 1.2 ሚሊዮን ስኩዌር ፊት የሚሆን የገበያ ማዕከል እሠራለሁ ብሎ ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ጉዳዩ እስከ ኮንግረስ ደረሰ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የፌደራል መንግሥት መሬቱን በሕግ ወስዶ ከፓርኩ ጋር ቀላቀለው። ካሳው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አንድ የካውንቲ ቦርድ በአንድ ምሽት የፈታውን ለማሰር ኮንግረስና የመላው አገር ግብር ከፋይ ያስፈለገበት ጉዳይ ነው። ለኛ እርሻ ኮንግረስ አይመጣም። የጦር ሜዳ አይደለም፣ የበግ ሜዳ ነው።

በኦሬንጅ ካውንቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2009 ቦርዱ 4 ለ 1 በሆነ ድምፅ ዋልማርት ከዊልደርነስ የጦር ሜዳ አጠገብ ትልቅ መደብር እንዲሠራ ፈቀደ። ነዋሪዎችና የታሪክ ተቆርቋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። በጃንዋሪ 2011 ችሎቱ ሊጀመር ሲል ኩባንያው ዕቅዱን አነሳ። የሰዎቹ ቁጥር ብዙ አልነበረም። ግን ፋይሉን ያነበቡ ሰዎች ነበሩ።

ከሁሉ የቅርቡን እንጨምር። በዚያው በፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ቦርዱ ከ20 ሰዓት በላይ በፈጀ ስብሰባ ከ2,000 ኤከር በላይ የገጠር መሬት ለዳታ ሴንተር እንዲውል ዞኑን ለወጠ። በኦገስት 2025 ዳኛዋ ውሳኔውን ሻረችው። ምክንያቱ ምን ነበር? ለሕዝብ መነገር የነበረበት ማስታወቂያ በጋዜጣ ላይ ሕጉ በሚያዘው መሠረት አልወጣም። ክርክሩ ወደ ይግባኝ ሄዷል። ለኛ የሚበቃን ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ «ሕዝቡ በጊዜው ይወቅ» የምትለው ያቺ ትንሽ ማስታወቂያ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የምታቆም ነገር ናት። በመንገድ ዳር የተተከለችውን ሰሌዳ አልፈናት ስንሄድ ያለፍነው ይህንን ነው።

«የገጠሩ መልክ» ለማን ነው?

አሁን ወደሚያንገበግበን እንምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚህ እርሻ ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ መስጂድ ለመሥራት መሬት ለምነን፣ ለቅመን፣ እህቶቻችን ወርቃቸውን ሸጠው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ካውንቲው ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል አለን፤ አመለከትን። መንገዱ ጠባብ ነው ተባለ። የጁሙዓ ትራፊክ ጎረቤት ይረብሻል ተባለ። አፈሩ ለሴፕቲክ አይመችም ተባለ። እነዚህን አንድ በአንድ መልስ ስንሰጥ በመጨረሻ የማይመለስ ቃል መጣ፦ «የገጠሩን መልክ ይለውጣል»። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተራዘመብን። በሦስተኛው ገንዘባችን አለቀና ተውነው። ዛሬም በኪራይ መጋዘን ውስጥ፣ ጫማችንን በዝናብ እያስቀመጥን እንሰግዳለን።

ያው መንገድ ነው። ያው አፈር ነው። ያው «የገጠር መልክ» ነው። የካውንቲው ሠራተኞች ለዚህ ማመልከቻ ያዘጋጁትን ሪፖርት አንብበነዋል። መንገዱ «ሊሻሻል ይችላል» ይላል። የውኃና የፍሳሽ ጉዳይ «በግንባታ ደረጃ የሚታይ» ነው ይላል። የገጠሩ መልክ ደግሞ «በአጥር ተክል ሊጠበቅ ይችላል» ይላል። ሱብሓነላህ! በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት የሚሰበሰቡ ሰጋጆች የገጠሩን መልክ ያጠፋሉ፤ ሌሊትና ቀን መብራቱ የማይጠፋ ነዳጅ ማደያ ግን በአጥር ተክል ይሸፈናል። እኛ የአጥር ተክል መትከል አንችልም ነበር?

ይህን የምንለው ቂም ለመወጣት አይደለም። «ለኛ ከለከሉን፣ ለነሱም ይከልከል» የሚል ምቀኝነት ከኛ አይጠበቅም። የምንለው ሌላ ነው። መመዘኛው አንድ ይሁን። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ለሁሉም ጠባብ ነው። አፈሩ ፍሳሽ የማይቀበል ከሆነ የፍሳሹን ሃይማኖት አይጠይቅም።

በዚህ ስቴት እንዲህ ያለ ሁለት መመዘኛ የደረሰብን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። በካልፔፐር ካውንቲ አንድ ትንሽ የሙስሊሞች ጀመዓ መስጂድ ለመሥራት መሬት አዘጋጀ። አፈሩ ለሴፕቲክ ስለማይመች ፍሳሹ በታንከር ተመጥጦ እንዲወሰድ ፈቃድ ጠየቀ። በዚያ ካውንቲ ለንግድ ቤቶችም ለቤተክርስቲያንም ሲሰጥ የቆየ የተለመደ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 ቦርዱ በ4 ለ 3 ድምፅ ከለከላቸው። የፌደራል ፍትሕ ሚኒስቴር በዲሴምበር ካውንቲውን ከሰሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ካውንቲው ታርቆ ፈቃዱን ሰጠ። በስታፎርድ ካውንቲ ደግሞ ሙታናቸውን በርካሽ ዋጋ የሚቀብሩ ሙስሊሞች ለመቃብር 29 ኤከር መሬት ገዙ። ካውንቲው በ2016 መጨረሻ ደንብ አውጥቶ መቃብር ከግል የውኃ ጉድጓድ 900 ጫማ መራቅ አለበት አለ። ይህም የስቴቱ ጤና መመሪያ ከሚጠይቀው እጅግ የበለጠ ነው። ክስ ተመሠረተ፤ በ2020 የፍትሕ ሚኒስቴርም ገባበት። በመጨረሻ ካውንቲው ደንቡን ሰርዞ 500,000 ዶላር ከፈለ። በከፈን የተጠቀለለ ሬሳ ለጉድጓድ ውኃ 900 ጫማ የሚያስፈራ ከሆነ፣ ከመሬት በታች የሚቀበር የቤንዚን ታንክ ስንት ጫማ ሊያስፈራ ይገባ ነበር?

እነዚህ ወንድሞቻችን የተመኩበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ነው። የመንግሥት አካል የአምልኮ ቦታን ከሌሎች መሰብሰቢያዎች ባነሰ ሁኔታ እንዳያስተናግድ ይከለክላል። እኛም ያኔ ይህንን ሕግ አናውቅም ነበር። ባለማወቃችን ነው የተውነው። ዛሬ የምንጽፈውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ውኃው

በእርሻው ዙሪያ ያሉት ቤቶች የከተማ ውኃ የላቸውም። የሚጠጡት ከግቢያቸው ጉድጓድ ነው። ከነሱ አንዷ አሮጊት ባለፈው ዓመት በአረፋ ዕለት ልጆቻችን እጃቸውን እንዲታጠቡ የግቢዋን ቧንቧ ከፍታ የሰጠችን ናት። የኛን ቋንቋ አታውቅም፣ ሃይማኖታችንንም አታውቅም፣ ውኃ ግን ሰጠች። አሁን በጉድጓዷ አጠገብ የቤንዚን ታንክ ሊቀበር ነው። ስብሰባው ላይ እንደምትናገር ነግራናለች። ብቻዋን ናት። ሰይዲና ዑስማን የሩማን ጉድጓድ ገዝቶ ለሕዝብ ወቅፍ ማድረጉን ለልጆቻችን በመድረሳ የምናስተምር ሰዎች፣ ውኃ የሰጠችን ጎረቤት ብቻዋን ማይክሮፎን ፊት ስትቆም ቤታችን ቁጭ ብለን ልናይ ነው?

ስለ ገቢው የሚባለውንም ሰምተናል። «ካውንቲው ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ሱቅ ግብር ያመጣል» ይሉናል። ያመጣል። ስንት? በቨርጂኒያ ከሽያጭ ታክስ ለአካባቢው መስተዳድር ተብሎ የሚመለሰው ከመቶ አንድ ነው። ካውንቲው ከነዚህ ሱቆች 100,000 ዶላር እንዲያገኝ ሱቆቹ 10 ሚሊዮን ዶላር መሸጥ አለባቸው። ያንን የሚገዛው ማን ነው? እኛው ነን። ዛሬ ከሌላው የገበያ ማዕከል የምንገዛውን ነገ ከዚህ እንገዛለን፣ ያኛው ባዶውን ይቀራል። የባዶ ሱቅ ነገር ከተነሳ፣ ከመስጂዳችን ወደ ሃይዌዩ ስንወጣ በግራ በኩል ያለውን የሱቆች ረድፍ እዩት። መስኮቱ በወረቀት የተሸፈነው ሱቅ ስንት ነው? እኛ አምስት ቆጥረናል። ያ መሬት ቀድሞውኑ የንግድ ዞን ነው፣ አስፋልትም መብራትም የፍሳሽ መስመርም አለው። ባዶ ሱቅ እያለ እርሻ ማረስ ትቶ ሱቅ መዝራት ምን የሚሉት ልማት ነው? የመሬቱ ግብር ያድጋል የሚለውም እውነት ነው። የዞኑ መለወጥ ካለፈ ግን መንገዱን ማስፋት፣ መብራት መትከል፣ ፖሊስ ማሰማራት ይመጣል። በገቢ በኩል የተቆጠረው በወጪ በኩል በሪፖርቱ ውስጥ አልተቆጠረም። ፈልገናል፣ የለም።

ለነጋዴዎቻችንና ለባለመሬቱ

በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ልዩነት እንዳለ አንደብቅም። አንዳንድ ነጋዴ ወንድሞቻችን «ሱቁ ከተሠራ የሐላል ሥጋ ቤት እከራይ ነበር» ብለውናል። ንግድ ሐላል ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ነግደዋል። ሱቅ በመክፈት ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆቹን የሚጦር ወንድም ክብር ይገባዋል። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። የሐላል ሥጋ ቤቱ የሚሸጠው በግ ከየት ይመጣል? እርሻውን አስፋልት አድርገን በአስፋልቱ ላይ የሌላ ስቴት በግ እንሸጣለን ማለት ነው? በባዶዎቹ አምስት ሱቆች ኪራይ ላይ ከአከራዩ ጋር በጋራ ለመደራደር ፈቃደኛ የሆነ ነጋዴ ካለ፣ ይህ ኮሚቴ ዛሬውኑ አብሮ ይቀመጣል። ቃል ነው።

ባለመሬቱን ደግሞ ማንም እንዳይዘልፍ እናሳስባለን። ባለፈው ጁሙዓ በመስጂዱ ደጃፍ የተሰማው ንግግር አስቀይሞናል። ሰውየው ሽማግሌ ነው። ጉልበቱ ደክሟል፣ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል፣ ማረስ የሚፈልግ የለም። ለዓመታት በሩን ከፍቶ አስተናግዶናል፣ ስማችንን አጥንቷል፣ «ዒድ ሙባረክ» ማለትን ተምሯል። መሬቱ የሱ ነው፣ መሸጥ መብቱ ነው። ክርክራችን መሸጡ ላይ አይደለም፤ ቦርዱ ዞኑን በመለወጡ ላይ ነው። ለእርሻ ገበሬ ሊገዛው ይችላል። በእርሻነቱ እንዲቆይ በሕግ ተመዝግቦ የመልማት መብቱ ብቻ የሚሸጥበትም መንገድ በዚህ ስቴት አለ። ይህን ከሱ ጋር ቁጭ ብለን ለመነጋገር ሁለት ሽማግሌዎች ልከናል፣ በደስታ ተቀብሏቸዋል።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንውቀስ። ይህ እርሻ እንደሚሸጥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እናውቅ ነበር። ሰውየው ራሱ ነግሮናል። በኅብረት ገዝተን ወቅፍ እናድርገው የሚል ሐሳብ ተነስቶ ሹራ ሳይደረግበት ቀረ። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው እንበለው፣ ስንፍና ነው እንበለው፣ ወይም የአንዱ ክልል ተወላጅ ያነሳውን ሐሳብ ሌላው አለመደገፉ ነው እንበለው፤ ሦስቱም ነበሩ። ለሠርግ አዳራሽ የምናፈሰውን ገንዘብ አላህ ያውቀዋል።

የምንጠይቀው

ቦርዱ ማመልከቻውን ውድቅ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። በዚያው ምሽት ውድቅ ለማድረግ ድምፅ ከሌለ፣ የውኃ ጉድጓዶቹ ጉዳይ በነጻ ባለሙያ እስኪጠና ድረስ ውሳኔው እንዲዘገይ እንጠይቃለን። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ማመልከቻ እስከ 12 ወር ጊዜ ይሰጣል፤ የሚያስቸኩል እሳት የለም። ይህም ካልሆነና ሊያጸድቁት ከቆረጡ፣ የነዳጅ ማደያ እንዳይኖር፣ ከመንገዱ የራቀው የመሬቱ ክፍል በእርሻነት እንዲቀር፣ ሌሊት መብራት እንዲጠፋ በፕሮፈር ተጽፎ ካልተፈረመ በስተቀር ድምፅ እንዳይሰጡ እንጠይቃለን። ሦስተኛውን የምንጠቅሰው ወደን አይደለም። የመጀመሪያውን ጠይቀን ባዶ እጃችንን ከምንመለስ በሚል ነው።

ስለ መስጂዱ ጉዳይ በዚህ ምሽት አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገራል፦ «ለእኛ የተጠቀማችሁበትን መመዘኛ ዛሬም ተጠቀሙበት»። ሌሎቻችን ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እርሻው እንናገራለን። በዚህ ላይ ስምምነት አድርገናል፤ እባካችሁ ማንም በስሜት እንዳይወጣ። ስብሰባው የመሬት ስብሰባ ነው። የመስጂዱን አቤቱታ ለብቻው፣ በጠበቃ፣ በጊዜው እናቀርባለን ኢንሻአላህ።

የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው በያዝነው ወር የመጨረሻው ማክሰኞ በዚህ አገር አቆጣጠር ከምሽቱ 7 ሰዓት በካውንቲው አስተዳደር ሕንፃ አዳራሽ ነው። ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው። ለመናገር የምትፈልጉ ስማችሁን ከጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ፤ እንዴት እንደሚደረግ የማታውቁ ከጁሙዓ በኋላ ወደ ኮሚቴው ጠረጴዛ ኑ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በስልጥኛ ይናገሩ፣ ወጣቶቻችን አጠገባቸው ቆመው ይተረጉማሉ። ተርጓሚ ሲኖር ተጨማሪ ደቂቃ እንዲፈቀድ በጽሑፍ ጠይቀናል። መናገር የማትፈልጉ ኑና ተቀመጡ። ቦርዱ ወንበር ይቆጥራል።

በአዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ተክቢራም የለም። የተቃወመን ሰው ሲናገርም በጸጥታ እንሰማለን። በአገር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በመቶ ሺዎች ሆነን በመስጂዶቻችን ግቢ አፋችንን ዘግተን ቆመን ማሳየት የቻልነውን ሰላማዊነት በአንድ የካውንቲ አዳራሽ ውስጥ ማሳየት አያቅተንም።

መኪና የሌላችሁ በመስጂዱ በር 6 ሰዓት ላይ ተገኙ፣ ሁለት ቫን ተዘጋጅቷል። ሕፃናት ያሏችሁ እህቶች ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፤ በእርሻው ላይ የሮጡት እነሱ ናቸው፣ ይታዩ። አሮጊቷን ጎረቤታችንን የሚያመጣ መኪና ተመድቧል፣ ከፊት ወንበር ከእናቶቻችን ጋር ትቀመጣለች። ስብሰባው ሊረዝም ስለሚችል ውኃና ቴምር ያዙ። ሲያበቃ ዒሻን በፓርኪንጉ ላይ በጀመዓ እንሰግዳለን። መስገጃችሁን አትርሱ።